አስጠኚ እንጂ የቤት ሥራ ሠሪ አይደለሁም

ወላጆች ሆይ፣ እባካችሁ በዚህ ነገር እንነጋገር! ለማስጠናት በምሄድበት ቤት ሁሉ ስወጣ በር ላይ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የቤት ሥራው አለቀ?» ልጁ ገባው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።

ሰሞኑን የሆነውን ልንገራችሁ። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው? ተማሪዬ አሰበና «ሁለት ሦስተኛ» አለ። ምክንያትም ነበረው፤ መጀመሪያ ዘውድ ከወጣ አለቀ፤ ጎፈር ከወጣ ሁለተኛው ወይ ዘውድ ወይ ጎፈር ነው፤ ከሦስቱ በሁለቱ ዘውድ አለ። ስህተት ነው፤ ግን እንዴት ያለ ስህተት! ታላቁ የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር እ.ኤ.አ. በ1754 በኢንሳይክሎፒዲያው ላይ የጻፈው ይህንኑ ነው። እንዲህ የሚያስብ ልጅ ደብተር ላይ መልስ ጽፌ ልሂድ? ሳንቲም ሰጠሁትና እየወረወረ መዘገበ። ብዙም ሳይቆይ ሦስቱ መንገዶች እኩል እንደማይመጡ አየ። ዘውድ ዘውድ፣ ዘውድ ጎፈር፣ ጎፈር ዘውድ፣ ጎፈር ጎፈር ብሎ አራቱን ደረደረና ሦስት አራተኛ ላይ ራሱ ደረሰ።

እናቱ ግን ያዩት የሚወረወረውን ሳንቲም ነው። «መምህር፣ በከፈልንበት ሰዓት ሳንቲም ትጫወታላችሁ? ስድስት ጥያቄ ይቀራል እኮ!»

ጂኦሜትሪው ደግሞ ይብሳል። በክብ መሐል ያለው ማዕዘን፣ ያንኑ ቅስት (የክቡን ጠርዝ ቁራጭ) ይዞ ጠርዙ ላይ ካለው ማዕዘን እጥፍ ነው። ይህን በቃል ለማስያዝ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሬድየሶቹን አስምሮ፣ ሁለት ጎናቸው እኩል የሆኑ ጎነ ሦስቶች መፈጠራቸውን አስተውሎ፣ ለምን እጥፍ እንደሆነ ለማወቅ ግን ምሽቱ ሙሉ ያስፈልጋል። ያንን ምሽት ከነፈጋችሁኝ የምትረከቡት 100 ዲግሪ ሲያይ 50 ብሎ የሚጽፍ፣ ሥዕሉ ትንሽ ሲዞር ግን የሚጠፋበት ልጅ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመምህሩም፣ የመጽሐፉም፣ የቋንቋውም ችግር አለበት። እኛ ቤት ውስጥ በሌላ ሰው እጅ ያስሞላነው ደብተር ግን ከቁጥር አይገባም? ትምህርት ቤቱም ቢሆን አሠራሩን ሳያይ ምልክት እያደረገ ደብተር ይመልሳል፤ ልጁም የሚፈለገው የሞላ ገጽ ብቻ መሆኑን ይማራል።

ስርዝ ድልዝ ስታዩ አትቆጡት፤ ያሰበበት ቦታ ነው። ሦስት ጥያቄ በራሱ ሠርቶ ሰባቱን ባዶ ቢተው፣ ሦስቱን እንዴት እንደሠራ ጠይቁት። በእኔ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ደብተር የምትፈልጉ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ።