እኛ ጋ እኮ

አራስ መጠየቅ እወድ ነበር። ገንፎው አለ፣ ጨዋታው አለ። ዘንድሮ ግን አስጠላኝ። በየአራስ ቤቱ አንዲት «እኛ ጋ እኮ» አትጠፋም።

ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አንዲት ወዳጃችን ወልዳ ሄድን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ወንበር ሳንይዝ፣ ከስቶክሆልም ለዕረፍት የመጣችው የአክስቷ ልጅ ጀመረች። «እኛ ጋ እኮ ባልየው አብሮ ገብቶ እትብት ይቆርጣል። ለአንድ ልጅ 480 ቀን ፈቃድ አለ፤ 90ው የአባትየው ድርሻ ነው፣ ለእናትየው ላስተላልፍ ቢል አይችልም። ደግሞ ከወለድሽ በኋላ ዳቦና መጠጥ በትሪ ያመጡልሻል፣ ትንሽዬ ባንዲራ ተሰክታበት!»

«ባንዲራዋስ ትበላለች?» አለች የአራሷ እናት፣ ከገንፎው ቀና ሳትል።

እናትየው ሰባት ልጅ ወልዳለች፣ ሁሉንም ቤት ውስጥ፣ በልምድ አዋላጅ። እንግዳችን አንድ ወልዳለች፣ በማደንዘዣ። ይኸው «አተነፋፈሱን ካወቅሽበት ምጥ ቀላል ነው» እያለች ታስረዳት ጀመረች።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! ይህን ተረት ስወደው! በአራት ቃል ስንቱን ሰው ልክ አስገባችው። መሪ ጨብጦ ሳያውቅ ባጃጅ ነጂ የሚያርመውን። ሽንኩርት ሳይልጥ የወጥ ጨው የሚተቸውን። ተረቷን ያወጣችው ሴት (ወንድ አይደለም፣ እርግጠኛ ነኝ) ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሐውልት ይገባት ነበር።

ይህ ሁሉ ሲወራ መስኮቱ ዝግ ነው። ቬንትሌተሩ ጠፍቷል። አራሷን ብርድ እንዳይመታት! በድሬዳዋ! በግንቦት! አራሷ ጋቢ ደርባ፣ ራሷን በሻሽ ጠፍራ፣ ጆሮዋን በጥጥ ወትፋ ተቀምጣለች። ላቡ ከግንባሯ ቁልቁል ይወርዳል፣ እናቷ በነጠላ ጫፍ ትጠርግላታለች፣ እንደገና ይወርዳል። አቦ፣ የድሬን ብርድ ያየ እጁን ያውጣ።

አሁን የራሴን ቂም ላውጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደሞዙ ይሰጣል። ደግ ነው። ለአባትስ? 3 ተከታታይ ቀን። «ተከታታይ» የምትለዋን ያዙልኝ። ልጄ የተወለደችው ዓርብ ማታ ነው። አለቃዬ ቅዳሜን ቆጠረ፣ እሁድን ቆጠረ፣ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ፊርማ ላይ አገኘኝ። «ደግሞ አንተ አልወለድክ!» አለኝ።

እሱስ ይቅር። ያን ለሊት የማዋለጃው በር ላይ የቆመው ዘበኛ ነው የማይረሳኝ። «ወንድ አይገባም!» የዓለም ጤና ድርጅት ምጥ የያዛት ሴት የመረጠችው ሰው አጠገቧ ይሁን ይላል። ዘበኛው የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ቢመጣ መታወቂያ ይጠይቀዋል። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ከሚሰማው ጩኸት የሚስቴ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ስሞክር አነጋሁ። ምክንያታቸው ገብቶኛል፤ አልጋዎቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ መሃላቸው መጋረጃ የለም። መጋረጃ! ለመጋረጃ ስዊድን መሄድ ያስፈልጋል? እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሞልቶ የለም እንዴ?

በነገራችን ላይ የአሜሪካዎቹ «እኛ ጋ እኮ»ዎች ስለ ፈቃድ ሲያወሩ ሰምታችኋል? አያወሩም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የፌዴራል ሕጋቸው 12 ሳምንት ይሰጣል፣ ያለ ደሞዝ። እሱም ለሁሉም ሠራተኛ አይደለም። የሆስፒታሉን ሂሳብ ደግሞ አታንሱባቸው። እኛ ጋ እኮ በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ነው! (አያችሁ? እኔንም ያዘኝ።)

የስቶክሆልሟን እንግዳ ረሳኋት አይደል? ምን ላድርግ፣ የተናገረችው ግማሹ እውነት ነው። የቀረውንም ግማሽ መስኮቱን ከፍታ ብታወራው ኖሮ ቁጭ ብዬ እሰማት ነበር።