ዲግሪውና ጠመኔው፦ አብረው ወይስ በየተራ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ታሪክን ወይም ሥነ ጽሑፍን በዲግሪ የሚማር ወጣት ለመምህርነት ሙያ ፈቃድ የሚዘጋጀው ከትምህርቱ ጎን ለጎን ይሁን ወይስ ከተመረቀ በኋላ? ተከራካሪዎቹ አያት አካባቢ የሚያስተምሩ አንጋፋ የታሪክ መምህርና ለገጣፎ የምትኖር የታሪክ ምሩቅ ናቸው።

መምህሩ፦ ጎን ለጎን ይሁን። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ፣ ሰዉ ፒጂዲቲ የሚለው፣ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሰውየው መጀመሪያ ትምህርቱን ይጥገብ፣ ከዚያ ማስተማርን ይልመድ ነው። ነገር ግን ተማሪ ፊት ሳይቆም ዲግሪውን የጨረሰ ሰው ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት ለተግባር ልምምድ የመጣ አንድ ጎበዝ ልጅ 40 ደቂቃ ሙሉ ከጥቁር ሰሌዳው ጋር ሲነጋገር ቆየ። ከኋላ ወንበር ሁለት ተማሪዎች ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ለእኔም ደርሶኛል። ልጁ ማስተማር እንደሚከብደው ያወቀው ያን ዕለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ቢያውቀው ይታረም፣ ካልሆነም መንገዱን ይቀይር ነበር።

ምሩቋ፦ መምህር፣ የእኔንም ይስሙ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ተለማማጅ የውጫሌን ውል አስተምሮናል። ድምፁ ያማረ፣ ቡድን አከፋፈሉ የተዋጣለት። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ጣልያን ያታለለችበት ነው አለን። አንዷ እጇን አወጣችና «አማርኛውስ ምን ይላል?» ስትለው ዝም። አማርኛው ምኒልክ በጣልያን አጋዥነት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» እንደሚል፣ ጣልያንኛው ግን ግዴታ እንዳደረገው አያውቅም። ጦርነት ያስነሣ ቃል እኮ ነው! የዲግሪ ዓመታት ይህን ለማንበብ ናቸው። የማስተማር ዘዴ ኮርስ በገባ ቁጥር አንድ የታሪክ ኮርስ ይወጣል፤ ሳምንቱ አይለጠጥም።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ፤ ግን ያቺን ቃል ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ 70 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ጥያቄ አድርጎ መወርወር ሌላ። ሁለቱ አብረው ካልተለመዱ መቼ ይገናኛሉ? ወጪውንም አስቢው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዲግሪው አራት ዓመት ሆኗል፤ ፒጂዲቲ ሲታከልበት አምስት። ፈቃዱም በጽሑፍ ፈተና ብቻ አይገኝም፤ ማህደረ ተግባር አለ፣ መምህሩ የትምህርት ዕቅዱንና ሌላ ሥራውን ሰብስቦ የሚያቀርብበት። እያደር የሚጠራቀም ሥራ ነው። የመጨረሻዋን ሳምንት የሚጠብቁትን ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት አገኛቸዋለሁ፤ የባልንጀራን የትምህርት ዕቅድ ስሙን በማጥፊያ ቀብተው ያባዛሉ። በታሪክ ማህደር ውስጥ የሥነ ሕይወት ዕቅድ ያስገባም አጋጥሞኛል።

ምሩቋ፦ እሱ የሰነፍ ጥፋት ነው፤ በአሠራሩ አያሳብቡ። በ18 ዓመቱ መምህርነት የሚገባ ልጅ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ሌላውን በር ዘግቶበት ነው። ከዲግሪው በኋላ የሚመጣ ግን መርጦ ይመጣል።

መምህሩ፦ ወይም ሥራ አጥቶ።

ምሩቋ፦ ወይም ሥራ አጥቶ፤ አልዋሽም፣ እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ። ቢሆንም የሚያስተምረውን ያውቃል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ክፍል ገብቶ ይመልከት ቢሉኝ እፈርማለሁ። የታሪክ ኮርስ ይቀነስ ካሉ ግን አልፈርምም።

መምህሩ፦ ማክሰኞ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ውጫሌ ነው። ነይና አንቺ አስተምሪው፤ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።

ምሩቋ፦ እመጣለሁ። ቆሎውን ግን አስቀድመው ይሰብስቡልኝ።