ላዩ የነጣ ኮንክሪት ደርቋል ማለት አይደለም

«የኮይ (የጌጥ ዓሣ) ገንዳ ኮንክሪት በ3 ቀን ስለሚደርቅ ፋይበርግላሱን (ውሃ እንዳያሰርግ የሚለጠፈውን የመስታወት ክር ሽፋን) በ4ኛው ቀን መለጠፍ ይቻላል» የሚለው ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ስህተት ነው። ኮንክሪት ላዩ ቢነጣም ውስጡ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ የተለመደው ቆይታ ቢያንስ 28 ቀን ነው። ፋይበርግላሱን የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ ፖሊስተር ሬዚን፣ እርጥበት ላይ በደንብ አይጣበቅም። ውሎ አድሮ ሽፋኑ ውሃ እንደ ቋጠረ ቆዳ ያብጣል፤ ከግድግዳውም ይላቀቃል። ጣና ዳር ለሚሠራ ገንዳ ደግሞ እርጥበቱ ከሥርም ይመጣል፤ የባሕር ዳር ሐምሌማ ባይነሣ ይሻላል!

ለማረጋገጥ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ገንዳው ወለል ላይ አንጥፉ፤ አራቱንም ጠርዝ በሚጣበቅ ፕላስተር አሽጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ካቋጠረ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ፣ ሠራተኛው ቢቸኩልም ጠብቁ።