ሰማያዊውን አረንጓዴ ያደረገብኝ አምፖል

ዛሬስ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ሦስተኛ ሹራብ ተመለሰብኝ። የሕፃን ሹራብ ነው፣ በእጄ የሠራሁት፣ ውሃ ሰማያዊ። ደንበኛዬ ቴሌግራም ላይ ያየችው ግን አረንጓዴ ነው። «እህቴ፣ ያዘዝኩት ይሄን አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፎቶውን ሳየው ለእኔም አረንጓዴ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ፒያሳ ደርሶ መልስ፣ ግማሽ ቀኔ በታክሲ አለቀ።

ይሄን ባወራሁ ቁጥር «ካሜራ ቀይሪ» የሚለኝ አይጠፋም። እባካችሁ ተዉኝ። ካሜራዬ እህቴ ከቤይሩት ስትመጣ ያመጣችልኝ የኪስ ካሜራ ናት። ምንም አልሆነችም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መስኮት ዳር ሳነሳ ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ግን ፊት ለፊቴ ሌላ ብሎክ ቆሟል፤ ያ ብርሃን ብዙ አይቆይም። ክረምት ሲገባማ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ነው። ሹራብ የምጨርሰው ደግሞ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ማታ ነው።

የካሜራዋ ፍላሽ ለሹራብ አይሆንም። ፊት ለፊት ስለሚመታ ጥላ የለውም። ጥላ ከሌለ ያ ሁሉ የእጅ ሥራ ልሙጥ ጨርቅ ይመስላል።

ስለዚህ መብራቴን ራሴ ሠራሁ። ታች ካለው ሱቅ የፓስታ ካርቶን ለመንኩ። ግራና ቀኙን በመስኮት መልክ ቆርጬ አሮጌ ነጭ አንሶላ ወጠርኩበት። ውስጡን በነጭ ወረቀት ሸፈንኩት። በየጎኑ አንድ አንድ አምፖል፣ የግራው ቀረብ፣ የቀኙ ራቅ። አምፖሉን በእጥፍ ስታርቁት የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ጥላውን የማስተካክለው በዚሁ ነው። ካሜራዋን በርጩማ ላይ አስቀምጬ አይኤስኦውን (ካሜራዋ ለብርሃን ያላትን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) 100 አደርጋለሁ፤ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ ራሷ ታነሳለች። እጄ ስለማይነካት ፎቶው አይደበዝዝም። መጀመሪያ የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል ሞክሬ አንሶላው ማረር ጀምሮ ነበር። ያ አምፖል ከሚበላው ኃይል አብዛኛውን ሙቀት ነው የሚያደርገው። ካርቶን አጠገብ እንዳታደርጉት! ኤልኢዲ ግዙ።

እኔም ገዛሁ፤ ብሶቴም የጀመረው ከዚያ ነው። ሁለት ኤልኢዲ፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱም ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ተጽፎባቸዋል። ቤት ሳበራቸው አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ! አንድ ሹራብ በግራና በቀኝ ሁለት ቀለም ሆነ። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ካሜራዋ ነጩን ነጭ አድርጋ እንድታነሳ የሚያደርገውን፣ በነጭ ወረቀት አስተካክላለሁ። ግን ለአንዱ ሳስተካክል ለሌላው ይበላሻል። የሳሎኑን ቢጫ መብራት አጥፍቼ በጨለማ የምደናበረው እኮ ቀለም እንዳይደባለቅብኝ ነበር።

አረንጓዴውን አምፖል ወደ ሱቁ መልሼ ወሰድኩት። ሻጩ ልጅ ሰክቶ አበራው። «ይኸው በራ አይደል?» በቃ። እሱ ላይ አልፈርድም፤ ማሸጊያው ለእሱም ሌላ ነገር አይነግረውም። አምፖል ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካ ቁጥር አለ። ሲአርአይ ይባላል፣ ጣሪያው 100 ነው። ለፎቶ 90 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ስንት ማሸጊያ ገለበጥኩ መሰላችሁ። ዋቱ አለ፣ ቮልቱ አለ፣ ስንት ሺህ ሰዓት እንደሚያበራ አለ። ይሄ ቁጥር ግን የለም። ለምን? ልብስ ሰፊው፣ ጥልፍ ጠላፊዋ፣ ጨርቅ ሻጩ ሁሉ ቀለም የሚለየው በዚህ አምፖል ሥር አይደለም እንዴ?

ለጊዜው አረንጓዴውን አውጥቼዋለሁ። በግራ አንድ አምፖል፣ በቀኝ ብርሃኑን የሚመልስ ነጭ ወረቀት። ቀለሙ ቢያንስ አንድ ሆኗል። ትናንት እሱንም ሞክሬ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ።

ሲአርአይ የተጻፈበት አምፖል የት እንደሚሸጥ የምታውቁ፣ ንገሩኝ። መርካቶ ቢሆን እሄዳለሁ። ደንበኛዬ እስከ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ ብላኛለች።