"ሰው ከተረፈ መርከቧ ትስጠም" ለምትሉ የጎጃም ወገኖቼ

እናንተ የባህር ዳር ልጆች፣ ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ አንታርክቲካ አካባቢ ተጋጭታ ስለሰመጠችው፣ አዲ ጊል ስለምትባለው መርከብ ስትከራከሩ "ሰው ከተረፈ ብረቱ ምን ያደርጋል፣ ትስጠም በቃ" የምትሉ፣ ዛሬ እናንተን ነው የምቆጣው። ነፍስ ይቅደም በሚለው ማንም አልተጣላችሁም፣ እኔም እንደዛው ነኝ። ያናደደኝ ሰው ከወረደ በኋላ ነገሩ አልቋል ብላችሁ ፊታችሁን ማዞራችሁ ነው።

ለነገሩ ብረትም አልነበረችም እኮ። ኒውዚላንድ ውስጥ ከካርቦን ፋይበር ምናምን የተሰራች 24 ሜትር ገደማ የምትረዝም ፈጣን ጀልባ ነበረች፣ መጀመሪያ ስሟ ኧርዝሬስ ሲሆን በ2000 ዓ.ም በባዮዲዝል እየሄደች አለምን በ60 ቀን ከ23 ሰአት ከ49 ደቂቃ ዞራ ሪከርድ ሰብራለች። ከዛ ሲ ሼፐርድ የሚባሉት የዓሣ ነባሪ አደንን የሚቃወሙት ሰዎች አንታርክቲካ አካባቢ ይዘዋት ወጡ። ታኅሣሥ 28 ቀን 2002፣ እኛ የገና ዋዜማ ላይ እያለን፣ ከጃፓን ዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ ከሾናን ማሩ 2 ጋር ተጋጭታ አፍንጫዋ ተቆርጦ ቀረ። ስድስቱም ሰዎች ተረፉ፣ አንዱ ጎድኑ ተጎድቶ። ኋላ የኒውዚላንድ የባህር ባለስልጣን መርምሮ ሁለቱም ካፒቴኖች ተጠያቂ ናቸው አለ።

ቦብ ባርከር የምትባለው የራሳቸው መርከብ ልትጎትታት ሞከረች፣ አልሆነም ተብሎ ተተወች። ወራት ቆይቶ ግን ካፒቴኑ ፒት ቤቱን "አስጥማት ተብዬ ታዝዤ ነው" ብሎ ወጣ፣ ድርጅቱ ደግሞ ካደ፣ ለጀልባዋ ገንዘብ ከሰጠው ሰውዬ ጋር እስከ ግልግል ዳኛ ድረስ ተካሰሱ። አያችሁ ጉዳቱ የቱ ጋ እንደሆነ? ስለ ዓሣ ነባሪ ሲያወራ የነበረው አለም ማን አሰጠማት ወደሚለው ዞረ። ማስጠም ካለባቸው ነዳጁን አውጥተን፣ ባትሪውን አውርደን፣ በዚህ ምክንያት፣ በእገሌ ውሳኔ አሰጠምናት ብለው በግልጽ መናገር ነበረባቸው። ባህር እጠብቃለሁ ብሎ የወጣ ሰው የራሱን ስብርባሪ ባህር ላይ ሲተው ያው ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት ነው የሚሆነው።

እንዴት እንደሚደረግ ደግሞ ሳይታይ ቀርቶ አደለም። ግሪንፒስ የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ሬይንቦ ዋሪየር የምትባል መርከብ ነበረችው፣ የፈረንሳይን የኒውክሌር ሙከራ ልትቃወም ስትዘጋጅ ሐምሌ 3 ቀን 1977፣ እኛ በዛ በክፉው የድርቅ ዘመን ላይ ሆነን፣ ኒውዚላንድ ኦክላንድ ወደብ ላይ የፈረንሳይ ሰላዮች በሁለት ፈንጂ መቷት ሰመጠች፣ ፈርናንዶ ፔሬራ የሚባለው ፎቶግራፍ አንሺም እዛው ሞተ። በነሐሴ ከውሃ አወጧት። መረመሯት፣ አትጠገንም ተባለ። እንደዛም ሆኖ ዝም ብለው አልጣሏትም፣ ምሰሶዎቿ ወርደው ዳርጋቪል ሙዚየም ቆሙ፣ አካሏን ታኅሣሥ 1980 ላይ ማታውሪ ቤይ ወስደው የአገሩ ነባር ሕዝብ ማኦሪዎች ባሉበት በክብር አሰጠሟት፣ አሁን ዓሣ ይኖርባታል ጠላቂም ይጎበኛታል። ከፍንዳታው እስከዛች ቀን ከሁለት አመት በላይ ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ኃላፊነቱ የኛ ነው ያለ ሰው ነበር። እሷም መጨረሻዋ መስጠም ነው፣ ግን ባለቤት ያላት ሆና ነው የሰመጠች።

አሁን ወደ ቤታችን። ይሄ "ተወው ይስጠም" የሚለው አመል ከየት እንደመጣብን ይገባኛል። የደንገል ታንኳ ያለው አባት ከውሃ ሲወጣ ታንኳውን ጎትቶ ያቆማታል፣ ውሃው ከስር እየተንጠባጠበ እስክትደርቅ፣ ካላደረቃት ትከብዳለች ቶሎም ትበሰብሳለች። ስታረጅ ደግሞ ዳር ላይ ቢተዋት ደንገል ናት፣ ከጣና በቅላ ጣና ላይ ትበሰብሳለች፣ ማንንም አትጎዳም። የዛሬዋ ጀልባ ግን ፋይበር ናት፣ ሞተር አላት፣ ዘይት፣ ቤንዚን፣ ባትሪ። እሷን እንደ ደንገል ዳር ላይ መተው አይቻልም ወገኖቼ! ዘይቱ ዓሣው ወዳለበት ነው የሚሄደው፣ ዓሣው ደግሞ ሳህናችሁ ላይ ነው የሚመጣው።

እምቦጩንም አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታየ፣ ስንት ሰው በእጁ ነቀለ፣ ስንት ብር ተዋጣ፣ ማሽን ሲመጣ እልል አልን፣ ማሽኑ ሲበላሽ ግን መለዋወጫው የት አለ፣ ማን ይጠግነዋል ብሎ የጠየቀ ስንት ሰው ነው? ጣና ነሽ ሁለት የምትባለው መርከብ ከጅቡቲ በመኪና ተጭና ስትመጣ መንገድ ዳር ወጥታችሁ አጨብጭባችኋል፣ ደስ ብሎኛል እኔም፣ ግን መቀበል ብቻ ነው እንዴ የምናውቀው? የተሰበረውን ማን ያያል? መንግስት እንዳትሉኝ፣ መንግስትም የድርሻውን ይጠየቃል፣ የጀልባዋ ባለቤት ግን እናንተ ናችሁ፣ ትርፉን ስትቆጥሩ መንግስትን አልጠራችሁም።

ስለዚ ክረምቱ ሳይገባ፣ ውሃው ሳይሞላ፣ የቆመ ጀልባ ያላችሁ ሁሉ ነዳጁን ቀድታችሁ አውጡ፣ ዘይቱን በጀሪካን አውጡ፣ ባትሪውን አውርዱ፣ የሚጠገን ከሆነ አስጠግኑ፣ የማይጠገን ከሆነ ዳር አውጥታችሁ አፍርሱት። አቅም ያጠረው ይናገር፣ ማፈር የለም። እህል ለማጨድ ደቦ የሚወጣ አገር ጀልባ ለመጎተት ሰው አያጣም፣ ገመድ ይዤ እኔም እመጣለሁ።