ቀለበቱ ስላበራ ብቻ ወደ ቀዶ ጥገና አንሩጥ

ለራስ ምታት ተብሎ በተነሣ ኤምአርአይ ሳይታሰብ አኒዩሪዝም ይገኛል። የአንጎል ደም ሥር ግድግዳ በአንድ በኩል ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ ማለት ነው። ከ100 አዋቂዎች 3 ያህሉ አለባቸው፤ አብዛኞቹም ሳይፈነዳባቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ከፈነዳ ግን ቀልድ የለም፤ ብዙ ሰው ይገድላል። አስቀድሞ በክሊፕ (በትንሽ የብረት መቆንጠጫ) መቆንጠጡ ወይም በኮይል (በቀጭን የሽቦ ጥቅል) መሙላቱም ራሱ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። እንንካው ወይስ እንተወው? ጭንቀቱ እዚህ ላይ ነው።

ሐኪሞች ሲመዝኑ የኖሩት መጠኑን፣ ያለበትን ቦታ፣ የታካሚውን ዕድሜና የደም ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ፌዝስ የተባለው፣ የመፈንዳት ዕድልን የሚገምት የነጥብ አሰጣጥም በእነዚህና በመሰሎቻቸው የተሠራ ነው። ሆኖም አንዳንዴ ትንሿ ትፈነዳለች፣ ትልቁ ዓመታት ዝም ይላል። ሚሊሜትር ስለ ግድግዳው ጤንነት ብዙም አይናገርም።

የግድግዳ ምስል የመጣው ለዚህ ነው። የተለመደው አንጂዮግራም የሚያሳየው ደሙ የሚሄድበትን ቦይ ነው። ይሄኛው ኤምአርአይ ግን የሚፈሰውን ደም አጥቁሮ ግድግዳውን ያወጣል። አንዴ ጋዶሊኒየም የተባለው ምስል አድማቂ መድኃኒት ሳይወጋ፣ አንዴ ከተወጋ በኋላ ይነሣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ፣ በመጀመሪያው ደብዛዛ የነበረው ጠርዝ በሁለተኛው ነጭ ቀለበት ሆኖ ከመጣ "አበራ" ይባላል።

ቀለበቱ ያስደነግጣል። ግን ተረጋጉ። ግድግዳው ሲቆጣ ያበራል፤ በስብ ክምችት ሲደድርም ያበራል። ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ ያበራሉ። በተነፋው አኒዩሪዝም ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ደም በደንብ ሳይጠቁር ቀርቶ ግድግዳ መስሎ ያታልላል። በዚያ ላይ ግድግዳው ብዙ ጊዜ ምስሉ ለይቶ ከሚያሳየው ትንሹ ነጥብ ይልቅ ስስ ነው! ስለዚህ ካበሩት ውስጥ ብዙዎቹ አይፈነዱም።

ለእኔ ትልቁ ዜና ያላበራው ነው። ያላበራ አኒዩሪዝም አብዛኛውን ጊዜ የተረጋጋ ሆኖ ይገኛል። ትንሽ ከሆነና ሌላ አስጊ ምልክት ከሌለው፣ "እንከታተለው" የሚለው ሐኪም የሚደገፍበት ነገር አገኘ ማለት ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ለቀለበቱ እጅ እሰጣለሁ። አኒዩሪዝም ፈንድቶ አንጎሉ ላይ ደም ፈስሶበት የመጣ ሰው ሦስት አኒዩሪዝም ሊገኝበት ይችላል። ሲቲው ላይ ደሙ በሁሉም አቅጣጫ ተሰራጭቶ የቱ እንደፈነዳ አይለይም። ያኔ ደምቆ ያበራው ዋናው ተጠርጣሪ ነው፤ ቅድሚያ የሚታከመውን ለመምረጥ ይረዳል።

ላልፈነዳው ግን፣ ካበራ የክትትል ቀጠሮውን ማቀራረብ፣ ምስሉን ከቀድሞው ጋር ማስተያየት፣ ሲጋራውን ማቆም፣ ግፊቱን መቆጣጠር። ቢላው የሚነሣው ይህ ሁሉ ከመጠኑና ከቅርጹ ጋር አብሮ ሲታይ ነው።