ከፍ ያለች ግዛ

ሰሞኑን ሰላም ያለኝ ሰው ሁሉ ከሰላምታው አስከትሎ «ከፍ ያለች ግዛ!» ይለኛል። ትናንትማ ጭራሽ ሊስትሮው ግራ ጫማዬን ጨርሶ፣ እግር ቀይር ለማለት ብሩሹን ሣጥኑ ላይ ኳ ኳ አደረገና ቀኙን ሳስቀምጥለት፣ «ጋሼ፣ መኪና ሊገዙ ነው አሉ። ከፍ ያለች ትሁን እንጂ! ዝቅ ያለችማ ለዚህ አገር አትሆንም» አለኝ።

ልጁ ምን ያድርግ? የሰማውን ነው ያለው። ያበሸቀኝ ወሬው ከቤቴ ወጥቶ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በር ላይ ካለ ሊስትሮ ጋር መድረሱ ነው። ስለ መኪና የተነጋገርነው ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ በረካው ሲጠጣ ነው። የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቹና አማቴ ነን። ልጆቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ስለነበር ቤቱ ቢቃጠልም አይሰሙም። ባለቤቴ ምስጢር ጠባቂ ናት። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ አማቴን አከብራለሁ።

ግን ስለዚህ ከፍታ ስለሚባለው ነገር ማንም ሜትር ይዞ ለክቶ ያውቃል? ተራ የቤት መኪና ሆዷ ከመሬት 14 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። «ከፍ ያሉ» የሚባሉት ደግሞ አብዛኞቹ 18፣ ቢበዛ 20 ቢሆኑ ነው። ልዩነቱ ሦስት ጣት ቢሞላ ነው። እንግዲህ ለሦስት ጣት ነው ይህ ሁሉ ሚሊዮን የሚጨመረው። ኮፈኑ አብጦ፣ ጣራው ተቆልሎ ሲታይ የገዘፈች ትመስላለች እንጂ ድንጋይ ሲመጣ ሁለቱም ሆዳቸውን ይፈጫሉ። ደግሞ ከነዚህ ቁመተ ሎጋዎች ብዙዎቹ በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዱ ናቸው፤ አንዱ በፊተኛው፣ ሌላው በኋለኛው። በነሐሴ ጭቃ መንዝ መንገድ ላይ ገብታ ሁለቱን ጎማ ብቻ ስታሽከረክር ቁመቷ ምን ይፈይድላታል? ምናልባት ገበሬው ከሩቅ አይቷት በሬውን ጠምዶ እንዲመጣ ይረዳው ይሆናል።

ይልቅ የሚጠየቀው ስለ ትንፋሿ ነበር። ጣርማበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠውን እታች ጥሎ ነው የሚወጣው። ትንሽ ሞተር ያላት መኪና ሰባት ሰውና ጆንያ ጭና ዳገቱን ስትያያዘው ድምጿን የሰማ ሰው አምቡላንስ ይጠራል። ይህን ነግሬ የሰማኝ የለም። «እሱን ተወውና፣ ቁመቷስ?» ይሉኛል።

ጉዳዩ ከዚያ ወዲያ በቤተ ዘመድ ጉባኤ ታየ። የጠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ራሱን ጠርቶ መጣ። ይህች መኪና ዓመቱን ሙሉ የምትመላለሰው ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ገበያ ነው። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ሠፈራችን ሲደረስ ኮብልስቶን ይሆናል። ጉባኤው ግን ሲከራከር ያመሸው በዓመት አንዴ፣ ያውም ከተሳካ፣ ለአያታችን ሙት ዓመት መንዝ ስለሚኬድበት ቀን ነው። ከመሐል ሜዳ የመጡት አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦

«በግ ትይዛለች?»

የአክስቴ ልጅ፣ የኢንተርኔቱ ሊቅ፣ ስልኩን አወጣና «ጋሼ፣ የዕቃ መጫኛዋ 500 ሊትር ይይዛል» አላቸው።

«ስንት ሊትር ጠላ ትይዛለች አላልኩህም። ስንት በግ ነው ያልኩህ።»

ሊቁ ከዚህ በኋላ አልተነፈሰም። አጎቴ ራሳቸው አሰሉት፤ የመንዝ በግ አጭር ስለሆነ ሦስት ይገባል፣ ላቱን ካጠፉለት አራት። አማቴ በበኩላቸው ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ከፍ ያለችስ ጥሩ ነበረች፤ ግን በምን እወጣለሁ?» አሉ። በርጩማ እንዲያዝ ተወሰነ። በርጩማው የሚቀመጠው ከበጎቹ ጋር ነው።

እስቲ ይታያችሁ፤ እዚሁ ጫጫ አጠገብ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረባቸውም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት አገር፣ ዎልስሊ የምትባል መኪና አዲስ አበባ ድረስ ነድቶ አመጣላቸው። ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩባት። «ግርማዊ ሆይ፣ ከፍ ያለች ብትሆን ይሻል ነበር» ያለ መኳንንት ስለመኖሩ አልሰማሁም። ቢኖርም ሐሳቡን ለራሱ ይዞ ነበር፤ ያኔ ሰው ያልጠየቁትን አይመክርም፣ ጭንቅላቱን ይወዳል። በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ተብለው የሚጠሩ ንጉሥ፣ ከፈረስ ወርደው መኪና ላይ ሲወጡ የአጎት ፈቃድ አላስፈለጋቸውም።

ፈረስ ከተነሣ ዘንድ በቅሎም ትነሣ። ከተረቶች ሁሉ የምወደው አንድ ነው፦ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። አያቴ ይህን ሲተርቱ በሠፈሩ ውስጥ ማንን እንደሚነኩ ለማወቅ ዐይናቸውን ማየት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ይህን ተረት መጀመሪያ የተረተው ሰው መኪና ደላላ ሳያጋጥመው አልቀረም እላለሁ። ባለፈው አንዱ ጋር የተነጋገርነውን ልንገራችሁ።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?»

«ከዱባይ ናት የመጣችው።»

«ሞተሯ ተከፍቶ ያውቃል?»

«ሴት ናት የነዳቻት፣ ጋሼ።»

«ግጭትስ?»

«ቀለሟን አያዩትም እንዴ!»

«የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?»

«ኧረ ጋሼ፣ ቶዮታ ያረጃል?»

አባት የሚባል አልተገኘም፤ ያለው አጎት ብቻ ነው። ጎንበስ አልኩና ጎማውን አየሁ። የጎማ ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጅ ዓመቱ ናቸው። ሊብሬው ላይ ካለው ዓመት ጋር ሳስተያየው ጎማዎቹ መኪናዋን በአራት ዓመት ይበልጧታል። ሳትወለድ ይጠብቋት ነበር ማለት ነው። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጫል፤ ቆጣሪው ግን 42 ሺህ ይላል። «አገር ውስጥ ገና አልተነዳችም» ሲለኝ የኋላውን ምንጣፍ ገለጥኩና ጣቴን ሰድጄ ሦስት ፍሬ ባቄላ አወጣሁ። መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ደላላው ባቄላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ያለ አንዳች ኀፍረት፣ «ዱባይ እኮ አሁን የማይሸጥ ነገር የለም» አለ።

ይህ ሰው ከኔም ከሻጩም ኮሚሽን ይቀበላል። እኔ የምከፍለው ለመዋሸቱ፣ ሻጩ የሚከፍለው ጥሩ አድርጎ ለመዋሸቱ ነው። ስንት ዓመት ብር ብር እያሉ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አንድ ሰው በፈገግታ ሊበላው ሲሞክር እንደ ጨዋታ አይታየኝም። ያን ቀን አልሳቅሁም።

«ታዲያ ለምን አዲስ አትገዛም?» የሚሉኝም አሉ። እነዚህ ደግ ሰዎች ናቸው፤ በሰው ኪስ ደግ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ዛሬ የማጠራቅመው ትናንት ስጀምር ላሰብኩት መኪና ከሆነ፣ የሚበቃኝ ለበሮቿ ነው። የቀረው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ስል ሁሉም ባንድ አፍ «መብራት ሲጠፋስ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚጠይቀኝ ግን ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ቢሮዬ ድረስ የሚመጣ ሰው ሲሆን ይደንቀኛል። እውነቱን ለመናገር ኤሌክትሪኳ ለኛ ዳገት ትመቻለች፤ አየር ስለማትተነፍስ የጣርማበር ከፍታ ጉልበቷን አይነካውም። ከጣርማበር ተነሥታ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ስትወርድማ ፍሬን በያዘች ቁጥር ባትሪዋን መልሳ ትሞላለች። ስትመለስ ግን የሰጠችውን ከነወለዱ ትቀበላለች። በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ ባትሪው እንደ ሰውም ይሰንፋል፤ በሙቀት አገር የሚሄደውን ያህል አይሄድም። ሻጩ ይህን አልነገረኝም። እሱ የነገረኝ መብራቷ ቀለም እንደሚቀያይርና ወንበሯ ወገብ እንደሚያሽ ነው።

ጣርማበርን ካነሣሁ አንድ የቆየ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከፍ ያለች መኪና ያለው አንድ ዘመድ አለን። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ራሱ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት እኔና እናቴ ደብረ ሲና ነበርን፤ ይኸው ዘመዳችን ከሸዋ ሮቢት ሲመለስ ሊወስደን ቃል ገብቶ። ቆሎ ገዝተን መንገድ ዳር ቆምን። ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ የእናቴን ነጠላ አርሶታል። ቆሎው ግማሽ ሲደርስ መኪናዋ ከጠመዝማዛው ብቅ አለች። እጃችንን አነሣን። መስኮቷ እንደተዘጋ ሽው ብላ አለፈች። ጋቢና፣ እናቴ ልትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተቀምጧል። ቀበቶ ታስሮለታል። በኋላ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜን! መኪናዋ ከፍ ያለች ስለሆነች እኮ ታች ያለ ሰው አይታይም።»

እናቴ የዚያኑ ሳምንት ይቅር ብላዋለች። እኔ አላልኩትም፤ የምልም አይመስለኝም። ሽንኩርቱ ቀበቶ ባይታሰርለት ኖሮ ምናልባት።

ይኸው ሰው ነው አሁን በየለቅሶ ቤቱ «ከፍ ያለች ይግዛ፣ ሰባት ሰው የምትይዝ» እያለ የሚመክረኝ። ሰባቱን ቆጥሮልኛልም፤ እኛ አምስት ነን፣ ስድስተኛዋ አማቴ፣ ሰባተኛው እሱ። ለሠርግ አጃቢነት፣ ለሆስፒታል፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ እንግዳ፣ ለእድር ድንኳን ጭምር ማን የት እንደሚቀመጥ ከወዲሁ ተደልድሏል። ነዳጁን ማን እንደሚሞላ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም። ታሞ የተቸገረን ጎረቤት ሆስፒታል ማድረስ ግዴታዬ ነው፤ ቅር አይለኝም። መኪናዬን ገና ሳልገዛት ተራ የያዙባት ሰዎች ግን ቅር ይሉኛል።

ደግሞ ይህ ሁሉ መካሪ አንድም ቀን ስለ መንገዱ አንሥቶ አያውቅም። ሰሞኑን ከዚህ ከተማ መንዝም ሆነ ሸዋ ሮቢት ሊሄድ ያሰበ ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚጠይቀው «መንገድ ክፍት ነው?» ብሎ ነው። መንገድ የተዘጋ ዕለት 14 ሴንቲ ሜትሯም 20 ሴንቲ ሜትሯም እኩል ግቢ ቆመው አቧራ ይጠጣሉ። ይህን በጉባኤው ላይ ሳነሣ ዝም ተባለ። ከዚያ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ በጎቹ መለሱን።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ቁመቷ። መቼም አንድ ነገር መወሰን አለበት፦ ያገለገለች፣ መካከለኛ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳባት ባይሆን እንኳ ትንፋሽ ያላት፣ ደላላ ሳይሆን የማውቀው መካኒክ ሥሯ ገብቶ ያያት። እቁቡ ሲደርሰኝ እገዛለሁ፤ ለሊስትሮውም እንዲሁ ብዬዋለሁ፣ ለሠፈሩ እንዲያደርስልኝ። ባለቤቴ በዚህ ሁሉ ተስማምታለች፤ የቀራት ቀለሟ ነው። ነጭ ካልሆነች ስንሸጣት እንከስራለን ትላለች። እኔ ግራጫ አልኩ። ገና ያልገዛናትን መኪና በስንት እንደምንሸጣት ትናንት ማታ ስንጨቃጨቅ አምሽተን ተኳርፈን ነው ያደርነው። ከጠራሁት ዋጋ አንድ ብር አልቀንስም።